የሳሙና ማስቀመጫው ሽቦ፦ በ1951 በእንግሊዝ አገር ስለ ቀረበ አንድ የመግደል ሙከራ ይግባኝ

በ1951 አንድ እንግሊዛዊ ባል አቤቱታውን ለአገሩ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት አቀረበ። ሚስቱን ለመግደል ሞክረሃል ተብሎ ተፈርዶበታል። የሙከራው መሣሪያ ጩቤም፣ መርዝም፣ ጠመንጃም አይደለም። ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሥመር ተቀጥሎ በመታጠቢያ ገንዳው አጠገብ ካለው የሳሙና ማስቀመጫ ጋር የተገናኘ ሽቦ ነው። ሚስቲቱ ገንዳው ውስጥ ሳለች ኤሌክትሪክ ነዘራት፤ ሆኖም አልሞተችም። በሕግ መጻሕፍት «የዋይብራው ጉዳይ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ክርክር በታተመው የፍርድ ዘገባ ላይ ከጥቂት ገጾች በላይ አይዝም። ይሁን እንጂ ስለ ሙከራ ወንጀል የሚማር የእንግሊዝ ተማሪ ሁሉ ሳይነካው አያልፍም።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ሙያችንና ፍርድ ቤት ስለሚገናኙበት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ተደረመሰ ድልድይ ወይም ስለ ሥራ ተቋራጭ ውል የምጽፍ መስሏቸው ይሆናል። እነዚያ ጉዳዮች ግን የሚያጣሩት ሥራው በደንብ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለውን ነው። እዚህ የተነሣው ጥያቄ ከዚያ ይለያል። አንድ ሰው በእጁ የሠራው ነገር ሠሪው በልቡ ስላሰበው ነገር ምን ያህል ይመሰክራል? ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ከምናገርበት ክፍል በቀር የምጠቅሳቸው ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ የሰሙት ዳኛ ፓርከር ነበሩ። ዐቃቤ ሕግ፣ ባልየው ሽቦውን ሆን ብሎ ቀጥሎ ሚስቱን ሊገድላት ሞክሯል አለ። ተከሳሹ በበኩሉ ንዝረቱ በድንገት የደረሰ፣ ከመሬት ሽቦ አሠራር የመጣ አደጋ ነው ሲል ተከራከረ። ስለዚህ ጁሪ የሚባሉት አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች ፊት የቀረበው ዋና ጥያቄ «ብልሽት ነው ወይስ ሥራ?» የሚል ነበር። እነርሱም ሥራ ነው ብለው ጥፋተኛ አሉት።

መሐንዲስ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ዕቃውን ራሱን መመርመር ይፈልጋል። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ቤቶች የኤሌክትሪክ ግፊት ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር፤ በአብዛኛው ግን ከ200 እስከ 250 ቮልት ባለው መካከል ነው። ገንዳው በአብዛኛው ከብረት የተቀረጸ ነው፤ የውኃ ቧንቧዎቹም ብረት ወይም እርሳስ ስለ ነበሩ ከመሬት ጋር የተገናኙ ናቸው። በውኃ የራሰ የሰው አካል ተቃውሞ ወደ 1,000 ኦም አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ለምሳሌ 230 ቮልትን በ1,000 ኦም ብናካፍል 230 ሚሊአምፔር እናገኛለን። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ኃይል መልቀቅ የሚችልበት የኤሌክትሪክ ልክ በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊአምፔር መሆኑ ታውቋል። 50 ሚሊአምፔርና ከዚያ በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ በደረት በኩል ከአንድ ሴኮንድ በላይ ካለፈ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። እንግዲህ በሂሳብ ብቻ ስንለካው ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ፌዝ ያለበትን ብረት መንካት ሞትን ብዙ ጊዜ አልፎ የሚሄድ ነገር ነው።

ይሁንና የሰው አካል በወረቀት ላይ እንዳለ ሬዚስታንስ አይደለም። ብረቱን በጣቷ ጫፍ የነካች ሴት ጡንቻዋ ተኮማትሮ እጇን ሊያላቅቃት ይችላል። ብረቱን ጨብጣ የያዘች ግን ያው መኮማተር እጇን እዚያው ያጣብቀዋል። የቆይታው ጊዜ በሴኮንድ ክፍልፋይ ሲለያይ ውጤቱ ከድንጋጤ ወደ ሞት ይለወጣል። የቤቱ ፊውዝስ? አንድ 5 አምፔር ፊውዝ ሰውን ሊገድል ከሚችለው ኤሌክትሪክ ሃያ እጥፍ እስኪያልፍበት ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነውና።

አሁን ወደ ተከሳሹ መከላከያ እንመለስ። ብልሽትና ሥራ በዓይን ይለያያሉ። ብልሽት አቅጣጫ የለውም፤ የሽቦ ሽፋን ሲላላ ኤሌክትሪኩ ባገኘው ብረት ሁሉ፣ በቧንቧውም፣ በመክፈቻውም፣ በመብራት ሳጥኑም ያመልጣል። ሥራ ግን መነሻና መድረሻ አለው። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ገብቶ ሽቦ ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ የሚያበላው ምንን ነው?» ብሎ ነው። የመብራት ሽቦ መብራትን፣ የምድጃ ሽቦ ምድጃን ያበላል። የሳሙና ማስቀመጫ ግን ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ዕቃ ነው። ጁሪዎቹ ስለ ኦም ሕግ አንድም ነገር ሳያውቁ የአደጋውን ክርክር ቢጥሉት የሚያስገርም አይሆንም።

በነገራችን ላይ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ስለ መታጠቢያ ገንዳና ስለ «ድንገተኛ አደጋ» ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። ጆርጅ ጆዜፍ ስሚዝ የተባለው ሰው በ1912፣ በ1913 እና በ1914 እያከታተለ ያገባቸው ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው ገንዳ ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። በ1915 የተከሰሰው በአንዲቱ ሞት ብቻ ቢሆንም ዐቃቤ ሕግ የሌሎቹን የሁለቱን ሞት በማስረጃነት እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። ስሚዝ ይህን ተቃውሞ ይግባኝ ቢልም አልተሳካለትም፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ተሰቀለ። አንዱ ሞት አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ግን የሥራ ንድፍ ነው። የሳሙና ማስቀመጫው ሽቦ ንድፉን ለማሳየት ሦስት ጊዜ መደጋገም አላስፈለገውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚያስረዳው ሽቦው ሆን ተብሎ መቀጠሉን ብቻ ነው። የይግባኙ ክብደት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሆን ብሎ ቀጥሏል፤ ምን አስቦ?

ዳኛ ፓርከር ለጁሪው ሕጉን ሲያስረዱ፣ ተከሳሹ ሚስቱን ለመግደል ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ለማድረስ አስቦ እንዳደረገው ካመናችሁ ጥፋተኛ ልትሉት ትችላላችሁ የሚል መመሪያ ሰጡ። ስሕተቱ ያለው «ወይም» ከምትለው ቃል በኋላ ነው። እንዴት እንደ ተፈጠረ መረዳት ግን አያስቸግርም። በእንግሊዝ ሕግ ነፍስ ግድያ የሚባለው ወንጀል የመግደል ሐሳብን ብቻ አይጠይቅም። ከባድ ጉዳት ለማድረስ አስቦ የመታው ሰው ቢሞትበት፣ መቺው ሞቱን ባይፈልገውም ነፍሰ ገዳይ ነው። ሚስቲቱ ሞታ ቢሆን ኖሮ የዳኛው መመሪያ በትክክል የሕጉ ቃል ይሆን ነበር። በ1951 ደግሞ የነፍስ ግድያ ቅጣት ስቅላት ብቻ እንጂ ዳኛው የሚመርጠው አልነበረም። ዳኛው የግድያን ትርጉም እንዳለ አንሥተው ግድያ ላልተፈጸመበት ጉዳይ አዋሉት።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ራሱ የተወለደው ከስሕተት ነው። አዶልፍ ቤክ የተባለ ሰው በ1896 ሴቶችን ያታለለ ሌላ ሰው መስሎ ታይቶ ያለ ጥፋቱ ተፈረደበት። በ1904 ያው ስሕተት እንደገና ደረሰበት። እውነተኛው አታላይ ከተገኘ በኋላ የሕዝቡ ቁጣ በረታና በ1907 የወንጀል ይግባኝ ሕግ ወጣ፤ ፍርድ ቤቱም ተቋቋመ። ነገር ግን የዚህ ፍርድ ቤት አሠራር ለእኛ እንግዳ የሆነ አንድ ችግር አለበት። ጁሪ ለምን እንደ ፈረደ አይናገርም፣ አይጽፍምም። አንዲት ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ የይግባኝ ዳኞች ውሳኔውን መርምረው ምክንያቱን ማግኘት አይችሉም። የሚመረምሩት ዳኛው ለጁሪው የተናገረውን ቃል ነው። ሕንፃው ተዘግቶባቸው ንድፉን ብቻ እንዲያዩ የተፈቀደላቸው ተቆጣጣሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ንድፉ ላይ ስሕተት ካለ ሕንፃው ውስጥ ስለ መግባቱ መገመት እንጂ ማየት የለም።

ይግባኙን የሰሙት የእንግሊዝ ዋና ዳኛ ሎርድ ጎዳርድና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጎዳርድ ለወንጀለኛ በመራራት የሚታወቁ ዳኛ አልነበሩም፤ እንዲያውም በጠንካራነታቸው የሚነሡ ናቸው። ይሁንና በዚህ ነጥብ ላይ ይግባኝ ባዩ ትክክል መሆኑን ያለ ማወላወል ተቀበሉ። ክሱ የመግደል ሙከራ ሲሆን የወንጀሉ ዋና አካል ሐሳቡ ነው አሉ፤ የመግደል ሐሳብ እንጂ ሌላ አይበቃም። ሕጉ በዚህ ረገድ ከራሱ ጋር የማይስማማ እንደሚመስልም አልደበቁም። ከባድ ጉዳት አስቦ የመታ ሰው፣ የተመታው ሲሞት ነፍሰ ገዳይ ይባላል፤ ሲተርፍ ግን የመግደል ሙከራ አድርጓል አይባልም።

እኔ ይህን አለመስማማት እንደ ጉድለት አላየውም። ሞት በደረሰበት ጉዳይ ውስጥ ሕጉ የሚይዘው ተጨባጭ ነገር አለ፤ አስከሬን አለ፣ ወላጅ አልባ የቀሩ ልጆች አሉ። ሐሳቡ ጥቂት ቢጎድል እንኳ ውጤቱ ከፊሉን ሸክም ይሸከማል። በሙከራ ግን ውጤት የለም። ሚስቲቱ ከገንዳው ወጥታለች። «መግደል» የሚለውን ቃል ሊሸከም የሚችል ነገር ሁሉ ቢፈለግ ከሰውየው ሐሳብ በቀር የለም። ምሰሶ አንድ ብቻ ሲሆን ያ ምሰሶ ሙሉ መሆን አለበት።

ከዚያ በፊት በ1910 ያው ፍርድ ቤት የወሰነው ሌላ ይግባኝ ይህንኑ ከሌላ ወገን ያሳያል። አንድ ልጅ በእናቱ መጠጥ ውስጥ ሁለት ግሬን፣ በእኛ ሚዛን 130 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም ሳያናይድ ጨመረ። እናቲቱ ሞታ ተገኘች፤ ነገር ግን ሐኪሞች የሞተችው በልብ ድካም እንጂ በመርዙ እንዳልሆነ መሰከሩ። መጠኑም ለመግደል የሚበቃ አልነበረም። ልጁ በመግደል ሙከራ ተፈረደበት፤ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ፣ ቀስ በቀስ ለመግደል የታሰበ መርዝ የመጀመሪያዋ ጠብታ ብቻዋን ባትገድልም ሙከራ ናት አለ። እንግዲህ መሣሪያው ደካማ መሆኑ ሐሳብ ያለውን ሰው አያድነውም፤ መሣሪያው ብርቱ መሆኑም ሐሳብ የሌለውን ሰው አይኰንነውም። መለኪያው ሚሊግራምም ሚሊአምፔርም አይደለም።

ይግባኝ ባዩ በሕጉ ነጥብ አሸነፈ። ነጻ ግን አልወጣም። በ1907ቱ ሕግ ውስጥ አንዲት ሐረግ ነበረች። ይግባኝ ባዩ ያነሣው ነጥብ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ጉልህ የፍትሕ መጓደል በእውነት አልደረሰም ብሎ ፍርድ ቤቱ ካመነ ይግባኙን ሊጥለው ይችላል ትላለች። በ1944 የጌቶች ምክር ቤት ሐረጓን ሲተረጉም፣ በትክክል የተመራ አስተዋይ ጁሪ ያለ ጥርጥር ይፈርድበት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ብሏል። እነጎዳርድም በዚህች ሐረግ ተጠቅመው ፍርዱን አጸኑት።

ይህ ትክክል ነበርን? አንድ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ በቀላሉ አዎን ሊል ይችላል። የቤት መሥመርን ወደ ገንዳ የሚወስድ ሰው ጉዳቱን እስከዚህ ድረስ ብሎ ሊለካ አይችልም፤ በዚህ መሣሪያ «ከባድ ጉዳት ብቻ» የሚባል ማስተካከያ የለውም። ነገር ግን ይህ እኛ የምናውቀው ነው። ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ ነዝሮት ደንግጦ ከመቅረት በላይ አልደረሰበትም። እንዲህ ያለ ሰው በቁጣ ተነሣሥቶ ሚስቱን ለማሳመም ወይም ለማስደንገጥ ብቻ ሽቦ ቢቀጥል፣ የኛን ሠንጠረዥ አይቶ አይደለም የሚቀጥለው። ሽቦው ሊያደርግ የሚችለውና ቀጣዩ ሊያደርግ ይችላል ብሎ ያሰበው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ያንን ልዩነት መመዘን የጁሪው ሥራ ነበር፤ መመሪያው ግን እንዲመዝኑት አላስገደዳቸውም። ሦስት ዳኞች ላልተጠየቀ ጥያቄ በሌሎች ስም መልስ ሰጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ሌላ መውጫ እንዳልነበራቸው መናገር ይገባል። በ1951 የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩ በሌላ ጁሪ እንደገና ይታይ ብሎ ለማዘዝ አጠቃላይ ሥልጣን አልነበረውም። ይህ ሥልጣን መጀመሪያ በ1964 አዲስ ማስረጃ ለተገኘባቸው ጉዳዮች፣ በኋላም በ1988 በሰፊው ተሰጠ። ስለዚህ ዳኞቹ ፊት የተዘረጉት መንገዶች ጥቂት ነበሩ። ፍርዱን ቢሽሩት፣ ሳሙና ማስቀመጫ ላይ ኤሌክትሪክ የቀጠለ ሰው በአንዲት «ወይም» ምክንያት ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። ያቺ ሐረግ ብዙ ጊዜ የተሠራባት ዳኞች ከንጹሕ ሕግና ከጤናማ ውጤት መካከል እንዲህ ሲጨነቁ ነው።

ይኸው ሽቦ በአዲስ አበባ ተገኝቶ ቢሆንስ? ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. የተተካውም የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 27 ሙከራን፣ በአንቀጽ 58 ሐሳብን ይደነግጋሉ። በአንቀጽ 58 መሠረት ሐሳብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውጤቱን ፈልጎ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ፣ ቢደርስም ይድረስ ብሎ ተቀብሎ ማድረግ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ለመግደል ሙከራ የመጀመሪያውን ሲጠይቅ፣ የእኛ ሕግ ሁለተኛውንም ሐሳብ ይለዋል። በሌላ በኩል ያው አንቀጽ ማንም ሰው ካሰበውና ይደርሳል ብሎ ከተቀበለው ነገር አልፎ ለሚሄድ ውጤት ሆን ብሎ እንዳደረገው ሆኖ እንዳይፈረድበት ይከለክላል። ስለሆነም ጎዳርድን ያስጨነቃቸው አለመስማማት በእኛ ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም። ሰው ቢሞትም ቢተርፍም የሐሳቡ መለኪያ አንድ ነው። ጁሪም ስለሌለን ዳኛው የፈረደበትን ምክንያት ጽፎ ይሰጣል፤ ይግባኝ ባዩም የሚከራከረው ከተጻፈው ምክንያት ጋር ነው።

ይህ ልዩነት ለምስክርነት የሚጠራውን መሐንዲስ በቀጥታ ይነካዋል። በእንግሊዝ ችሎት «ይህ ሽቦ ሊገድል ይችላል» ብሎ መመስከር ስለ ሐሳብ ገና ብዙ አልተናገረም። በእኛ ችሎት ግን ቀጣዩ ይህን ያውቅ እንደ ነበር ከተረጋገጠ ክርክሩ ወደ መጨረሻው ተቃርቧል። ስለዚህ መስክሮ የሚቀመጠው ባለሙያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ መናገር ይኖርበታል፤ ዕቃው ምን ማድረግ እንደሚችል አንድ፣ እንደ ተከሳሹ ያለ ዕውቀት ያለው ሰው ይህን ሊገነዘብ ይችል እንደሆነ ሁለት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የቀጠለው ሽቦና የሱቅ ጸሐፊ የቀጠለው ሽቦ በቮልት አንድ ሆነው ሳለ በፍርድ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

በይግባኙ የታረሙት ዳኛ ፓርከር በ1958 በጎዳርድ እግር ተተክተው የእንግሊዝ ዋና ዳኛ ሆኑና እስከ 1971 ቆዩ። የስቅላት ቅጣት በነፍስ ግድያ ላይ በ1965 ታገደ፤ በ1969 ደግሞ እገዳው እንዲጸና ተወሰነ። ፕሮፌሰር ዳልዚል በ1961 ጥቂት ሚሊአምፔር ወደ መሬት ሲያመልጥ መሥመሩን በቅጽበት የሚቆርጠውን መሣሪያ ፈለሰፉ፤ ዛሬ በብዙ አገር የመታጠቢያ ቤት መሥመር በ30 ሚሊአምፔር በሚቆርጥ እንዲህ ባለ መሣሪያ በኩል እንዲያልፍ ደንቡ ያዛል። ያቺ የ1907 ሐረግ በ1995 በወጣው የወንጀል ይግባኝ ሕግ ተሰርዛ፣ አሁን የእንግሊዝ የይግባኝ ዳኞች የሚጠይቁት ፍርዱ አስተማማኝ ነው ወይስ አይደለም ብለው ነው። ስለ ሐሳብ የተሰጠው ውሳኔ ግን በ1981 የሙከራ ወንጀሎች ሕግ ከወጣም በኋላ እንደ ቆመ ነው፤ በእንግሊዝ አገር የመግደል ሙከራ ክስ የሚመራ ዳኛ ዛሬም ለጁሪው የሚነግረው የመግደል ሐሳብን ብቻ ነው፤ «ወይም» አይልም።